አንድ ደብል ቤዝ ለባሕር ዳር፦ የጋራ ማመልከቻችን የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊዋ፦ ሰላም ቤተሰብ። ማመልከቻው እስከ ወሩ መጨረሻ ባህል ቢሮ መግባት አለበት። እሑድ ቡና ላይ ያወራነው ብዙ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለው ግን ግማሽ ገጽ አይሞላም። እዚሁ እንጨርሰው። ለጊዜው ርዕሱ «የኦርኬስትራ ምሽት በጣና ዳር» ነው። የምንጠይቀው አዳራሽ፣ ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ተጫዋቾች ደግሞ መጓጓዣና አልጋ። የምሽቱ ዋና እንግዳ ደብል ቤዝ፣ ከቫዮሊን ዓይነት መሣሪያዎች ትልቁና ድምፀ ወፍራሙ፣ እንዲሆን ተስማምተናል። ያልተስማማ አሁን ይናገር፤ ኋላ ማኩረፍ የለም።

ገንዘብ ያዧ፦ እኔ ተስማምቻለሁ። ግን ኦርኬስትራ ማለት ስንት አልጋ ነው?

ቤዝ ተጫዋቹ፦ ትልቅ ሲምፎኒ ከሆነ ደብል ቤዝ ብቻውን እስከ ስምንት ይደርሳል። ቫዮሊኑን፣ ዋሽንቱን፣ ጥሩምባውን አንቺው ደምሪው።

ገንዘብ ያዧ፦ ደመርኩት። እንቅልፍ እንዳይነሳኝ መልሼ ሰረዝኩት።

ቤዝ ተጫዋቹ፦ ይኸውልሽ እታለም፣ እኔም ልል የፈለግሁት ይህንኑ ነው። አንድ ምሽት ደግሰን፣ አጨብጭበን፣ በማግሥቱ እንግዶቹን አውቶቡስ ላይ ብንሰቅላቸው ለከተማው ምን ቀረ? ደብል ቤዝ እዚህ የለንም። መምህርም የለንም። እኔ ራሴ ሐይቁ ዳር ሆቴል ውስጥ ቤዝ ጊታር ነው የምመታው፤ ደብል ቤዙን የተማርኩት ለጥቂት ጊዜ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ይቀየር ባይ ነኝ። አንድ መሣሪያ፣ አንድ መምህር፣ ስድስት ወር። ምሽቱ መጨረሻ ላይ ይምጣ፣ ትንሽ ሆኖ።

አምና የተዋስነውን አስታውሱ። ከመኪና ጣሪያ ላይ ስናወርደው አራቱም ክሮች ላልተው ነበር፤ አንድ ደግ ሰው «እንዳይበጠሱ» ብሎ አላልቷቸዋል። ክሩን ይዞ የሚያቆመው በርኩማ በክሩ ውጥረት ነው የሚቆመው፣ ሙጫ የለውም። ወደቀ። ከሆዱ ውስጥ ደግሞ «ቋ!» የሚል ድምፅ ሰማን። በፊተኛውና በኋለኛው ሳንቃ መካከል ተወጥራ የምትቆም አጭር ዱላ አለች። ጣሊያኖች «ነፍስ» ይሏታል። ነፍሱ ወጣች ማለት ነው። በስልክ መብራት በቀዳዳው አጮልቀን ስናጠምድ አመሸን። አናጢያችን ከጃንጥላ ሽቦ በሠራው መንጠቆ ካቆማት በኋላ ድምፁ ተመለሰ፤ ሰዉ ግን ቤቱ ገብቶ ነበር።

አናጢው፦ እውነት ነው፤ መንጠቆው እስካሁን እኔ ዘንድ አለ። እንዲገዛ ከተባለ ግን ዓይነቱ ይጻፍ። ደኅናው ደብል ቤዝ ፊቱ ስፕሩስ ነው፣ የጥድ ዘመድ። ጀርባው ሜፕል። ያማረ እንጨት ነው፤ ግን ክረምት እርጥበት ጠጥቶ በጋ ሲደርቅ የመሰንጠቅ አመል አለው። ለጀማሪ የኮምፔንሳቶው ይሻላል። ድምፁ ትንሽ ይደነዝዛል፣ መከራ ግን ይችላል። ዋንዛ ይሞከር የምትሉ አላችሁ። ለከበሮና ለበገና እሽ፤ ይህን የሚያህል ስስ ፊት ከዋንዛ አውጣ ካላችሁኝ ግን እኔ የለሁበትም።

የመሰንቆው ልጅ፦ ጋሼ ቤዝ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት፣ እንዳይቆጡኝ። ቤዝ እኮ ከኋላ ሆኖ የሚያጉረመርም ነው። ብቻውን ሰው ፊት ቀርቦ ምን ሊጫወት ነው?

ቤዝ ተጫዋቹ፦ ምን አስቆጣኝ! የማመልከቻው እምብርት እሱ ነው።

ኦርኬስትራ ውስጥ ሥራው መሠረት መሆን ነው። ክሮቹ ከታች ወደ ላይ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ናቸው። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው በስምንት ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል። ድሮ ብዙ ጊዜ የቼሎውን፣ ከእሱ አነስ የሚለውን ወንድሙን፣ መስመር ከሥር ይደግም ነበር። ቢጠፋ ሰው ምን እንደጎደለ ሳያውቅ ሙዚቃው ይሳሳበታል፤ ውኃ የበዛበት ሽሮ በለው። ቤትሆቨን ግን አንዳንዴ አፍ ሰጥቶታል። ዘጠነኛው ሲምፎኒ በ1824 እ.ኤ.አ. ሲቀርብ፣ መጨረሻው ክፍል ላይ ሰው ከመዝፈኑ በፊት ቼሎና ቤዝ አብረው እንደ ተናጋሪ ሰው ይመላለሳሉ። ማለር በአንደኛው ሲምፎኒ ሦስተኛውን ክፍል የጀመረው በአንድ ቤዝ ዜማ ነው።

ኮንቸርቶ፣ ማለትም አንድ መሣሪያ ኦርኬስትራ አጅቦት ፊት ወጥቶ የሚጫወትበት ድርሰት፣ ሌላ ጣጣ አለው። ወፍራም ድምፅ ኦርኬስትራ ሲነሣበት ይዋጣል። ክሩም አንድ ሜትር ያልፋል፤ የቫዮሊን ሦስት እጥፍ ነው። አንድ ድምፅ ከሌላው እጅግ ይርቃል፤ ቫዮሊን ላይ ጣት የሚያነሣ ሰው እዚህ ክንዱን ያነሣል። ስለዚህ ብቻውን የሚጫወት ሰው ቀጠን ያሉ ክሮች አስሮ ቅኝቱን በአንድ ድምፅ ከፍ ያደርጋል፤ እንዲወጣለት። ላይኛው ድምፅ ላይ ሲደርስ አውራ ጣቱን ራሱን ክሩ ላይ ይጭናል። አንተ መሰንቆ ላይ ይህን አታደርግም።

የመሰንቆው ልጅ፦ እኔ አንድ ክር ነው ያለኝ፤ አውራ ጣቴ ሥራ ፈት ነው።

ቤዝ ተጫዋቹ፦ ጽሑፉማ ሞልቷል። ዲተርስዶርፍና ቫንሃል የሚባሉ ደራሲዎች በሞዛርት ዘመን ጽፈዋል። ሞዛርት ራሱ በ1791 እ.ኤ.አ. ለወፍራም ድምፅ ዘፋኝና ለቤዝ አንድ ዘፈን አለው። ሩሲያዊው ቤዝ ተጫዋች ኩሴቪትስኪ የራሱን ኮንቸርቶ በ1905 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ ተጫወተ፤ ኋላ የቦስተን ሲምፎኒ መሪ የሆነው እሱ ነው።

የታሪክ መምህሩ፦ ልጆች፣ ቦቴሲኒን ረሳችሁት። ጆቫኒ ቦቴሲኒ። በ1835 እ.ኤ.አ. ሚላኖ ኮንሰርቫቶሪ፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ሲያመለክት የነጻ ትምህርት ቦታ የቀረው ለፋጎት (ድምፀ ወፍራም የትንፋሽ መሣሪያ) እና ለደብል ቤዝ ብቻ ነበር። ልጁ ቫዮሊን ነበር የሚያውቀው። በጥቂት ሳምንት ቤዝ ተለማምዶ ገባ። ኋላ በስመ ጥሩው ቫዮሊን ተጫዋች ስም «የቤዝ ፓጋኒኒ» ተባለ።

አሁን ስሙኝ። የቨርዲን ኦፔራ «አይዳ» ታኅሣሥ (ዲሴምበር) 24 ቀን 1871 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የመራው ይኸው ሰው ነው። አይዳ ደግሞ ማን ናት? የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ። እንግዲህ የእኛን ልዕልት ታሪክ ዓባይ ዳር በመጀመሪያ ያሰማው አንድ ቤዝ ተጫዋች ነው። ዓባይ ከየት ይነሣል? ድልድዩ ላይ ወጥታችሁ እዩት። ኦፔራውን ያዘዘው የግብፅ ገዥ ከዲቭ እስማኤል በአራተኛው ዓመት ጦር ሰደደብን፣ ጉንደት ላይም የእጁን አገኘ።

ጸሐፊዋ፦ ጋሼ፣ ወርቅ ነው ያመጡልን። ቦቴሲኒ ይግባ፣ ካይሮ ይግባ። ጉንደት ግን ማመልከቻ ላይ አይገባም።

የታሪክ መምህሩ፦ በግርጌ?

ጸሐፊዋ፦ በግርጌም አይገባም ጋሼ።

ገንዘብ ያዧ፦ ወደ ብሩ እንመለስ። የመሣሪያውን ዋጋ በግምት አልጽፍም፤ ከሦስት ቦታ ፕሮፎርማ ይምጣልኝ። ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ቤዝ ተጫዋቹ፦ ደጋን፣ የደጋን ሙጫ፣ ትርፍ ክር፣ ጎማ ያለው ማንገቻ ከረጢት። ወፍራም ከረጢት ይሁን፤ አምና ያየነው ይበቃናል። ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል፣ ባጃጅ ውስጥ አይገባም። ሞክሬያለሁ። አንገቱ በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ወገን ወጥተን ሾፌሩ «አንዳችሁ ውረዱ» አለን።

የመዘምራን እናት፦ ይቅርታ፣ ዘግይቼ ገባሁ፤ ሥራ ላይ ነበርኩ። ልጆቼ፣ ኮንቸርቶ ያለ ኦርኬስትራ ወጥ የሌለው እንጀራ አይሆንም?

ቤዝ ተጫዋቹ፦ እትዬ፣ የኦርኬስትራው ክፍል ለፒያኖ ተጨምቆ ታትሟል። ተማሪ ሁሉ የሚያጠናው በሱ ነው። እኛ ኪቦርድ አለን፣ የሚጫወትም አለን። ከዲተርስዶርፍ ዝግተኛውን ክፍል ብቻ እንውሰድ። ለልጆች ደግሞ የሴን ሳንስ «ዝሆኑ» አለ፤ ሁለት ደቂቃ አይሞላም፣ ቤዝና ፒያኖ ብቻ ነው። ሕፃን እንኳ ማን እየሄደ እንደሆነ ያውቃል።

የመሰንቆው ልጅ፦ እኔስ? ማኅበሩ ውስጥ ለጭብጨባ ብቻ ነኝ?

ቤዝ ተጫዋቹ፦ ላንተ አስቤያለሁ። ከሶል የሚነሣ ትዝታ ውሰድ፤ ሜጀሩን። ሶል፣ ላ፣ ሲ፣ ሬ፣ ሚ። አራቱም የቤዝ ክሮች እዚያው ውስጥ ናቸው! በሦስተኛ ሳምንቱ ያለ ተማሪ ጣቱን ሳይጭን፣ ባዶ ክር እየሳበ ከሥርህ ሊቆምልህ ይችላል። አንተ ላይ ላዩን ትሄዳለህ። ቅኝትህን ወደ ሶል ማምጣት ብቻ ነው።

የመሰንቆው ልጅ፦ እሽ፣ ይህቺን ከአሁኑ ያዙልኝ። ክሬን ዛሬውኑ አጠብቃለሁ።

ጸሐፊዋ፦ በሉ፣ ያጠናቀርኩት ይህ ነው። አርሙልኝ፦

«ማኅበራችን አንድ ለጀማሪ የሚሆን ደብል ቤዝ ከነሙሉ ዕቃው እንዲገዛለትና ለስድስት ወር አንድ መምህር እንዲመደብለት ይጠይቃል። መሣሪያው የማንም አባል የግል ንብረት አይሆንም፤ ከማኅበሩ መለማመጃ ክፍል ሳይወጣ ተማሪዎች በተራ ይለማመዱበታል። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ለሕዝብ ክፍት በሆነ ምሽት ደብል ቤዝ ከኪቦርድና ከመሰንቆ ጋር ይቀርባል።»

ቦቴሲኒና አይዳን በመግቢያው ላይ በሦስት መስመር አስገብቻለሁ።

ገንዘብ ያዧ፦ «ሳይወጣ» የሚለው ይታይ። ምሽቱ አዳራሽ ከሆነ እንዴት ሊሆን ነው?

ጸሐፊዋ፦ ልክ ነሽ። «ከማኅበሩ ፈቃድ ውጭ ሳይወጣ»።

አናጢው፦ የጥገናውን ነገር እኔ በነጻ እይዛለሁ፤ ይጻፍ። ክር የሚያላላ ሰው ግን መጀመሪያ ይደውልልኝ። ሲቀየርም አንድ በአንድ እንጂ አራቱ በአንዴ አይፈታም።

የመዘምራን እናት፦ ሴት ተማሪዎች ይኑሩበት። ቁመት አጠረ ተብሎ እንዳይመለሱ።

ቤዝ ተጫዋቹ፦ አይመለሱም እትዬ። አብዛኛው ሰው የሚጫወተው ራሱ ሦስት አራተኛ የሚባለውን መጠን ነው። ከሥሩ ያለው ብረት እግርም ከፍ ዝቅ ይላል፤ በርጩማ ላይ ተቀምጦ መጫወትም አለ።

ጸሐፊዋ፦ ገባ። «ቢያንስ ግማሾቹ ሴቶች» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮፎርማ ሐሙስ፣ ፊርማ ቅዳሜ። አንድ የቀረ ነገር፦ የመለማመጃ ክፍሉን በር የለካ አለ?

አናጢው፦ አሁን እዚያው ነኝ። 78 ሴንቲ ሜትር። በጎኑ ያልፋል። ደረጃው ላይ ግን ሁለት ሰው ይይዘዋል።