ቤት መምታት ከሚችሉ ልጆች ጋር ምን ልሥራ?

የሳቢያኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ሳቢያን ነው የምኖረው። ግጥም እጽፋለሁ፤ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ቅዳሜ የግጥም ሥልጠና መስጠት ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። ልጆቹ አሥራ አራት ናቸው። ቤት መምታቱንማ ያንበለብሉታል። ችግሩ ሁሉም ስለ እናት፣ ስለ ሀገርና ስለ ከዳች ፍቅረኛ መጻፋቸው ነው፤ ወረቀቶቹ ቢቀላቀሉ የማን የማን እንደሆነ አልለይም። ግጥማቸውን ሳርም ይከፋቸዋል፤ ካላረምኩ ሥራዬ «ጎበዝ» ማለት ብቻ ሆነ። ያስተማራችሁ ሰዎች ምን ታደርጋላችሁ?

ለገሀሬ፦
ከሰዓት በኋላ ከሆነ መጀመሪያ ሰዓቱን ቀይሪ። በድሬ ሙቀት ከእንቅልፍና ከጫት ጋር ተፎካክሮ ያሸነፈ መምህር አላየሁም።

የጁገሉ፦
እህቴ፣ ሐረር ውስጥ ይህን ሥራ ስሠራ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ቀይ እስክሪብቶሽን ቤት ትተሽ ሂጂ። እኔ ሳልተወው በፊት የአንዲት ተማሪዬን ግጥም ማታ ቤቴ ቁጭ ብዬ አቃናሁላት። መድረክ ላይ አነበበችው፤ ተጨበጨበላት። ስትወርድ ወረቀቱን እጄ ላይ አስቀምጣ «ጋሼ፣ የእርስዎ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

አሁን በመጀመሪያው ቀን ምንም አናጽፍም። ከፈረስ መጋላ አደባባይ «መኪና ግርግር» በሚባለው መንገድ እንወርዳለን፤ የመንገዱ ስም ራሱ ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የወጣ ነው። አንዱ ልብስ ሰፊ ፊት ቆመን ዓይናችንን ጨፍነን እንሰማለን። ይፈጥናል፣ ጨርቁን ሊያዞር ያቆማል፣ እንደገና ይነሣል። ያቺ ማቆሚያ የስንኙ እረፍት ናት። የወል ቤት የሚባለውን የግጥም ምጣኔ ስድስት ስድስት ቀለም (የቃል ክፋይ ድምፅ) በሰሌዳ ከማስቆጠር ይህ ይቀለኛል። ልብስ ሰፊዎቹ መጀመሪያ ይስቁብን ነበር፤ አሁን ስንቀር «ምነው ጠፋችሁ?» ይላሉ።

ከዚያ «እናት»፣ «ልብ»፣ «ፍቅር» የሚሉትን ቃላት ለአንድ ወር እከለክላለሁ። ስለ እናታቸው ይጻፉ፤ ቃሏን ብቻ አይጥሩ። ያን ጊዜ ሊጥ የነካው የበር እጀታ ይመጣል።

ከድሬ እየተመላለሰ የሚማር አንድ ልጅ በሰንጎ መገን፣ አምስት አምስት ቀለም በሚቆጠርበት ምጣኔ፣ ይህን ይዞ መጣ፦

ባቡሩ ሲሄድ ቀረ ሐዲዱ፣
ፍየል ተኛበት በየመንገዱ።

አምስት አምስቱን አልሳተም። «ፍየሉ የተኛው ሐዲዱ ላይ ነው ወይስ በየመንገዱ?» አልኩና ዝም አልኩ። ጓደኞቹ ተከራከሩ፤ ግጥሙ ሲተች ባለቤቱ አይናገርም፣ ሕጋችን ነው። በሳምንቱ አሮጌው ሐዲድ ድረስ ማለዳ ሄዶ አይቶ ተመለሰ፦

ባቡሩ ሲሄድ ቀረ ሐዲዱ፣
ፍየል ተኛበት እስኪሞቅ ሆዱ።

«በየመንገዱ» ቤት ለመምታት የተጠራ እንግዳ ነበር። ሆዱን ግን ልጁ አይቶታል። (እኔ ራሴ በዓመት ሦስት ግጥም ከጻፍኩ ብዙ ነው፤ ይህ ሥራ የገጣሚውን ጊዜ ይበላል፤ አስቀድመሽ እወቂው።)

ባለ ቅኔ ቤቱ፦
ጋሼ፣ በአንድ ነገር አልስማማም። ቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ጉባኤ ቃና፣ አጭሯን የቅኔ ዓይነት፣ ለመምህሩ ይነግራል፤ ጎደሎ ከሆነ መምህሩ ያቃናለታል። ሁለት ስንኝ ናት፣ ግን ስንት ጊዜ ትመለሳለች! ማረም ነውር ቢሆን ኖሮ ቅኔ እዚህ ባልደረሰ። ልጆቹን በዝምታ ብቻ ማሳደግ ስንፍናም ሊሆን ይችላል።

የጁገሉ፦
ልክ ብለሃል። ግን የኔታ የሚያቃኑት ተማሪው ፊታቸው ቆሞ፣ ለምን እንደተቃና እየሰማ ነው። የእኔ ጥፋት ማታ ብቻዬን ማረሜ ነበር። እስክሪብቶውን ቤት ተዪ ያልኩት ምላስሽን ጭምር ተዪ ማለቴ አይደለም።

የሳቢያኗ፦
አመሰግናለሁ ጋሼ። ቅዳሜ ልጆቹን ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ወሰድኳቸው። ውሃ የለም፤ አሸዋ ብቻ። አንዷ የ1998ቱ ጎርፍ ሲመጣ ገና አልተወለደችም፤ የጻፈችው ስለ አያቷ ግድግዳ ነው። ውሃው የደረሰበት መስመር አሁንም አለ፤ ቤቱ ቀለም ሲቀባ አያትየዋ «ከዚህ በታች አትንኩ» ይላሉ። አራት ስንኝ ናት፤ ሦስተኛዋ ቤት አትመታም። በእርስዎ ምክር ጠየቅኋት እንጂ አልነካሁባትም። «ቀለም ቀቢው እዚያ ጋ ነው የሚያቆመው» አለችኝ።

ለገሀሬ፦
ሰዓቱንስ ቀየርሽ?

የሳቢያኗ፦
ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል አድርጌዋለሁ። ሁለቱ ብቻ አርፍደው መጡ።