የጃፓን ጉዞ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክል

ጸሐፊ፦
ጤና ይስጥልኝ። የዋሽንግተን አካባቢ ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ጃፓን እንሂድ የሚለው ሐሳብ ባለፈው ስብሰባ አልፏል። አሁን የሚቀረን የትና መቼ የሚለው ነው። የመጀመሪያው ረቂቅ ቶኪዮ፣ ካናዛዋ፣ ኪዮቶ፣ ናራ፣ ኦሳካና ሂሮሺማ ይላል። በ12 ሌሊት ስድስት ከተማ መሆኑ ነው። እኔ በዝቷል ባይ ነኝ። በየሁለት ቀኑ ሻንጣ ስንሸክፍ ጊዜው ያልቅብናል። የምንሄደው ምግቡንና ባህሉን ፍለጋ ከሆነ፣ ማታ ማታ ያረፍንበት ሰፈር ውስጥ ዞር ዞር የምንልበት ፋታ ያስፈልገናል። እስቲ ሐሳባችሁን ጻፉ። እሁድ ማታ የተስተካከለውን እዚሁ አቀርባለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦
እደግፋለሁ። እኔ የማየው ከወጪው በኩል ነው። ሁሉም ሰው ግዙ የሚለን ጄአር ፓስ፣ ማለትም ለጎብኚ የሚሸጠው የባቡር ማለፊያ፣ እንደ ድሮው አያዋጣም። የ7 ቀኑ በኦክቶበር 2023 ከ29,650 የን ወደ 50,000 የን ገብቷል። ከቶኪዮ ኪዮቶ ሺንካንሰን በሚባለው ፈጣን ባቡር የአንድ መንገድ ትኬት 14,000 የን ገደማ ነው። ከኦሳካ ኪዮቶ በተራ ባቡር 1,000 የን እንኳ አይሞላም። በቶኪዮ ገብተን በኦሳካው ካንሳይ አየር ማረፊያ ከወጣን ረጅሙን መንገድ የምንከፍለው አንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ሂሮሺማና ካናዛዋ ለሌላ ጊዜ ይቆዩ።

ሻንጣንም አደራ። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ ከ160 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ በሺንካንሰን የሻንጣ ቦታ ያለው መቀመጫ አስቀድሞ መያዝ አለበት። አገር ቤት ስንሄድ የምንሞላቸው ትልልቆቹ ሊያልፉ ስለሚችሉ ሜትር አውጥታችሁ ለኩ።

አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ልጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። እኔን ያሳሰበኝ ጾሙ ነው። የቼሪው አበባ ሲፈካ እንሂድ ያላችሁ አላችሁ። አበባው በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ነው አሉ። ያኔ እኮ ዐቢይ ጾም ላይ ነን። ምግብ ልንቀምስ ሄደን ጾም ላይ መሆናችን አይቆጨንም? ቅጠሉ በሚቀላበት በኖቬምበር ይሁን። ግን ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል። ኅዳር 12 ደግሞ ሚካኤል ነው፣ ለሚካኤል ቤቴ ብደርስ ደስ ይለኛል።

ኦሳካ የተማረ አባል፦
እትዬ ልክ ብለዋል። ኖቬምበር አየሩም ተስማሚ ነው። ሆኖም ረቡዕና ዓርብ የትም አይሄዱም፣ አብረውን ይጓዛሉ። ጃፓን ውስጥ ጿሚን የሚያስቸግረው ሥጋው አይደለም፣ ሥጋ ያስታውቃል። የሚያስቸግረው ዳሺ ነው። ዳሺ የምግባቸው ሁሉ መሠረት የሆነ መረቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ታጭሶ ከደረቀ ቦኒቶ ከሚባል ዓሣ ይወጣል። ሚሶ የሚባለው የአኩሪ አተር ሾርባ፣ ሶባ የሚባለው ፓስታ መሰል ምግብ መንከሪያ፣ ቅጠላ ቅጠል ብቻ የሚመስለው ቅቅል ሁሉ ዳሺ አለበት። አስተናጋጁ «ሥጋ የለውም» ሲላችሁ እውነቱን ነው። እናንተ ግን ዓሣ በላችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተትና የዓሣ መረቅ አልበላም የሚል ካርድ በጃፓንኛ አዘጋጃለሁ። እያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ ይግባ።

ከካርዱ ይልቅ ግን ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ኮያሳን የሚባለውን የቡድሃ መነኮሳት ተራራ ነው። ከኦሳካ ናምባ ጣቢያ በናንካይ ባቡር ሄደን የመጨረሻውን ዳገት በኬብል መኪና እንወጣለን። በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ተራራው በ816 ከንጉሠ ነገሥት ሳጋ ለመነኩሴው ኩካይ የተሰጠ ነው። ዛሬ 50 ያህል ቤተ መቅደሶች እንግዳ ያሳድራሉ። ምግባቸው ሾጂን ርዮሪ ይባላል። ሥጋም ዓሣም የለበትም፣ መረቁ የሚወጣው ኮምቡ ከሚባል የባሕር ቅጠልና ከደረቀ እንጉዳይ ነው። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም፤ በእኛ ሽሮ ለለመደ አፍ መጀመሪያ ላይ ቅመሙ የጎደለ ይመስላል። እራት ቀደም ብሎ ይመጣል። ዝቅ ያለ ትሪ ላይ ትንንሽ ሳህኖች ተደርድረው ይቀርባሉ። አንዱ ጎማዶፉ ነው። ከሰሊጥና ኩዙ ከሚባል ሥር ዱቄት ይሠራል፣ እንደ ገንፎ ለስልሶ ከላዩ ዋሳቢ የሚባል የሚያቃጥል ማባያ ነጥብ ተደርጎበታል። ኮያዶፉ ደግሞ በብርድ ደርቆ እንደገና መረቅ የጠጣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሰል ምግብ) ነው፣ ሲነክሱት መረቁ አፍ ውስጥ ይፈሳል። እዚያ የምናድርበትን ሌሊት ረቡዕ ላይ እናውለው። ማንም ሳይጨነቅ ይበላል።

አባል፣ አሌክሳንድሪያ፦
ምግቡን ወድጄዋለሁ። ግን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ውስጥ ማደር ለእኔ ይከብደኛል። ጠዋት ጸሎታቸው ላይ መቀመጥም አልችልም። እንደ እኔ የሚሰማው ሌላም ሰው ይኖራል ብዬ ነው የምናገረው።

ኦሳካ የተማረ አባል፦
ወንድሜ፣ መናገርህ ጥሩ ነው። የጠዋቱ ሥርዓት በአብዛኞቹ ዘንድ ለእንግዳ ክፍት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ክፍል ስንይዝ በጽሑፍ አረጋግጣለሁ። ማደር ያልፈለገ ደግሞ ቀን አብሮን ይውጣና ምሽት ወደ ኦሳካ ይመለስ። የንስሐ አባቶቻችንንም አስቀድመን እንጠይቅ።

አባል፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አሁን ስለ ጃፓኖቹ የሙቅ ውሃ መታጠቢያ ልጠይቅ። አንገቴ ላይ ንቅሳት አለኝ፣ እናቴ በልጅነቴ ያስነቀሰችኝ። ንቅሳት ያለበት አይገባም ይላሉ መባሉ እውነት ነው?

ኦሳካ የተማረ አባል፦
ብዙ የጋራ መታጠቢያዎች ይከለክላሉ፣ እትዬ። እዚያ ንቅሳት ከወንበዴ ቡድኖች ጋር ስለሚያያዝ ነው። ለብቻ በሰዓት የሚከራይ መታጠቢያ ያለበት ማረፊያ እንፈልጋለን። እርስዎና ሴት ልጅዎ ብቻችሁን ትገባላችሁ። ይህ በረቂቁ ይጻፍ፣ ንቅሳት ያላቸው እናቶች ከእርስዎም ሌላ አሉ።

አባል፣ ፎልስ ቸርች፦
እኛ ሙስሊሞች ያለንበትም ይታሰብልን። አሳማ ራመን በሚባለው የፓስታ ሾርባ መረቅ፣ ግዮዛ በሚባለው ሳምቡሳ መሰል ምግብ፣ ኦኮኖሚያኪ በሚባለው ቂጣ ውስጥም ይገባል። ይህ ኦርቶዶክሱንም ይመለከታል። ሚሪን የሚባለው ማጣፈጫ ደግሞ አልኮል አለበት። ዓርብ ቶኪዮ ከሆንን ዮዮጊ ኡኤሃራ ያለው ቶኪዮ ጃሚ መስጊድ ሄደን ጁምዓ እንሰግዳለን። ከእኛ ጋር መጥታችሁ ብታዩትም ደስ ይለናል፣ በጣም የሚያምር መስጊድ ነው።

የወጣቶች ተጠሪ፦
ለቶኪዮ አንድ ጥያቄ አለን። አበበ ቢቂላ በኦክቶበር 21 ቀን 1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶንን በ2:12:11 ሲያሸንፍ፣ ትርፍ አንጀቱን ከተቀደደ ገና ጥቂት ሳምንቱ ነበር። ሩጫው ከብሔራዊ ስታዲየም ተነስቶ በኮሹ አውራ ጎዳና ቾፉ ድረስ ሄዶ ነበር የተመለሰው። ዞሮ የተመለሰበት ቦታ ምልክት አለው። ቦታው ከሺንጁኩ በኬዮ ባቡር ተሂዶ ቶቢታክዩ ጣቢያ አጠገብ ነው። አንድ ጠዋት እዚያ ሄደን፣ መሮጥ የሚችል ጥቂት ኪሎ ሜትር ይሩጥ፣ ሌላው ይራመድ። አሜሪካ የተወለዱት ልጆቻችን ታሪኩን መንገዱ ላይ ቆመው ይስሙት።

ገንዘብ ያዥ፦
ይህን ሳላቅማማ እደግፋለሁ። ክፍያውን ለማቅለል በየወሩ የሚጣል እንደ እቁብ ያለ መዋጮ እንጀምር።

ጸሐፊ፦
ሐሳባችሁን ሰብስቤ የሚከተለውን አቀርባለሁ። ኖቬምበር 3 ቀን 2026 ከደለስ አየር ማረፊያ እንነሳለን። የምርጫ ቀን ስለሆነ አስቀድማችሁ ምረጡ። ከኖቬምበር 4 ጀምሮ ቶኪዮ 4 ሌሊት፣ ኦሳካ 3 ሌሊት፣ ረቡዕ ኖቬምበር 11 ኮያሳን 1 ሌሊት፣ ኪዮቶ 4 ሌሊት። ኪዮቶን መጨረሻ ያደረግኩት ቅጠሉ ተራራው ላይ ቀድሞ፣ ኪዮቶ ዘግይቶ ስለሚቀላ ነው። ናራን ከኪዮቶ ደርሰን እንመለሳለን። ወደ ኮያሳን ስንወጣ ሻንጣዎቻችን ታክዩቢን በሚባለው የዕቃ ማድረሻ አገልግሎት ከኦሳካ ሆቴል በቀጥታ ወደ ኪዮቶ ሆቴል ይላካሉ፣ እኛ የአንድ ሌሊት ቦርሳ ብቻ እንይዛለን። ኖቬምበር 16 ከካንሳይ እንነሳለን፣ ለኅዳር ሚካኤል ቤታችን ነን።

የኪዮቶ ከሰዓቶች ሁለቱ ባዶ ይቀመጡ። የድሮዎቹ ቡና ቤቶች የእኛን ቡና አንድ በአንድ በእጅ እያጠለሉ ያቀርባሉ፤ ያን በችኮላ መጠጣት ይከብዳል።

ድምፅ የሚሰጥባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፦ ኮያሳን ማደርና ወርሃዊ መዋጮው። የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አያስፈልገውም። በግሪን ካርድ ሆናችሁ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዛችሁ ግን ያስፈልጋችኋል። እባካችሁ እስከ ዓርብ በውስጥ አሳውቁኝ፣ ወረቀቱን አብረን እንሞላለን።