ሮምኒ ላይ የተሰነዘረው ሁሉ ትችት ነበር ወይስ ስም ማጥፋት?

የፌርፋክሱ፦
ትናንት እዚህ ሁለት ሰዎች ተጣሉ። አንዱ «ዴሞክራቶች ሪፐብሊካን የሆነን ሁሉ ሰይጣን ያደርጉታል፤ ሚት ሮምኒን እንኳ አልማሩትም» አለ። ሌላው «የተባለው ሁሉ ሲያንሰው ነው» ብሎ መለሰ። ከዚያ ወዲያ ስድብ ሆነ። ስድቡን እንተወውና ጥያቄው ላይ እንከራከር። የምናወራው ስለ 2012 ምርጫ ነው። ኦባማ ለሁለተኛ ዙር፣ ሮምኒ ደግሞ በሪፐብሊካን በኩል የተወዳደሩበት። ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።

የኔን አቋም ልናገር። ሮምኒ መተቸት ነበረበት። ፖሊሲው ራሱ ብዙ የሚያስተች ነገር ነበረው። ግን ዴሞክራቶች የሚበቃ እውነት በእጃቸው እያለ ውሸት ጨመሩበት። ሃሪ ሪድን አስታውሱ። የሴኔቱ የአብላጫው መሪ ነበር። «ሮምኒ አሥር ዓመት ታክስ አልከፈለም ብሎ አንድ ሰው ነግሮኛል» አለ። ሰውየው ማነው? አይናገርም። ማስረጃ? የለም። በኋላ የሮምኒ ሂሳብ ሠሪዎች ደብዳቤ አወጡ። ከ1990 እስከ 2009 በየዓመቱ ግብር ነበረበት፤ ዝቅተኛው መጣኔ እንኳ ከ13 ከመቶ በላይ ነው አሉ። በ2015 ሲኤንኤን ሪድን ስለዚሁ ጉዳይ ጠየቀው። መልሱ «ሮምኒ አላሸነፈም፤ አይደል?» የሚል ነበር። አላፈረም እኮ!

ሂሳብ ሠሪዋ፦
እኔ ታክስ ስሠራ ነው የምውለው። የ47 ከመቶውን ነገር ለኔ ተዉልኝ።

ላላስታወሰ ሰው ልንገር። ሜይ 2012 ላይ ሮምኒ ፍሎሪዳ፣ ቦካ ራቶን ውስጥ ለዘመቻው ገንዘብ ሊሰበስብ ራት ተጋበዘ። መግቢያው በሰው 50 ሺህ ዶላር ነበር። እዚያ ለሀብታሞቹ ምን አላቸው? 47 ከመቶው ሕዝብ ምንም ቢመጣ ኦባማን ይመርጣል አለ። የመንግሥት ጥገኞች ናቸው፣ ራሳቸውን እንደ ተበዳይ ነው የሚያዩት፣ የገቢ ግብር አይከፍሉም አለ። የኔ ሥራ ስለነሱ መጨነቅ አይደለም ብሎም ጨመረበት። መጠጥ ቀጂው በድብቅ ቀርጾት ኖሮ ሴፕቴምበር ላይ ጉዱ ወጣ።

ቁጥሩ ከእውነት የራቀ አልነበረም። በ2011 ከአሜሪካ ቤተሰቦች 46 ከመቶ ያህሉ የፌዴራል የገቢ ግብር አልነበረባቸውም። ጉዱ ያለው እነማን እንደሆኑ ስታዩ ነው። ከመቶው ቤተሰብ 28 ያህሉ ሠራተኞች ናቸው። ከደሞዛቸው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር (የጡረታና የአዛውንት ሕክምና መዋጮ) ይቆረጣል። የገቢ ግብሩን ግን የልጆቻቸው ቁጥርና የገቢያቸው ማነስ ዜሮ ያደርገዋል። 10 ያህሉ አዛውንቶች ናቸው። 7 የሚሆኑት በዓመት 20 ሺህ ዶላር እንኳ የማያገኙ ናቸው። ከዚያ ውጭ የሚቀረው ኢምንት ነው።

ማን ዜሮ አደረገው? ዝቅተኛ ደሞዝ ላለው ሠራተኛ የሚሰጠው የታክስ ክሬዲት (ከግብር ላይ የሚቀነስ ድጎማ) በ1975 ሲጀመር የፈረመው ጄራልድ ፎርድ ነው። በ1986 ያሰፋው ሬገን ነው። የልጅ ክሬዲቱን ወደ 1 ሺህ ዶላር ያሳደገው የትንሹ ቡሽ ሕግ ነው። ሦስቱም ሪፐብሊካን! ሰው እርዳታ ከሚጠብቅ ሠርቶ ይደጎም ብለው ያመጡት የወግ አጥባቂዎች ሐሳብ ነው። ሮምኒ የሰደበው የራሱ ፓርቲ የሠራውን ሥራ ነው። የገቢ ግብር የማይከፍል ሰው በብዛት ያለው ደግሞ እነ ሚሲሲፒ፣ አላባማና ጆርጂያ ውስጥ ነው። ሦስቱም በ2012 የመረጡት እሱን ነው።

ይሄ ከራሱ አፍ የወጣ ነው። ማንም አልፈጠረበትም።

ቴክሳስ ቀይ፦
እሺ፣ 47ቱን ውሰጂው። ሌላውንስ?

የመኪና ኩባንያዎቹን ከተማ ዲትሮይትን እንይ። ኖቬምበር 2008 ላይ ሮምኒ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ ጻፈ። ርዕሱ «ዲትሮይት ይክሰር» የሚል ነበር። ርዕሱን ያወጣው ጋዜጣው ነው፤ እሱ አይደለም። ጽሑፉ ውስጥ ያለው ሌላ ነገር ነው። የመኪና ኩባንያዎቹ በፍርድ ቤት በኩል ሥርዓት ባለው ኪሳራ ይለፉ፣ ዕዳቸው ይቃለል፣ ከዚያ መንግሥት ዋስ ይሁናቸው ነው ያለው። በ2009 ጂኤምም ክራይስለርም በኪሳራ ፍርድ ቤት አላለፉም እንዴ? ኦሃዮ ውስጥ ግን ሠራተኛውን ሜዳ ላይ ሊጥል የነበረ ሰው ተደርጎ ተሣለ።

ሁለተኛ፣ የብረት ፋብሪካው ማስታወቂያ። ለኦባማ የቆመ አንድ የዘመቻ ቡድን ከካንሳስ ሲቲ ፋብሪካ የተባረረ ሠራተኛ አቀረበ። ሚስቱ በካንሰር ሞታለች። ነገሩ ሮምኒ የገደላት እንዲመስል ሆኖ ነው የተቀናበረው። ፋብሪካው የተዘጋው በ2001 ነው። ሮምኒ የፋብሪካው ባለቤት የነበረውን ኩባንያውን ቤይን ካፒታልን ትቶ ወደ ሶልት ሌክ ኦሎምፒክ የሄደው በ1999 ነው። ሴትዮዋ ያረፉት በ2006 ነው። ይሄ ትችት ነው?

ሦስተኛ፣ ባይደን፤ ያኔ የኦባማ ምክትል። ኦገስት 2012፣ ዳንቪል፣ ቨርጂኒያ። ከአድማጩ መካከል ብዙ ጥቁሮች ነበሩ። ሪፐብሊካኖች ባንኮቹን ይፈቱና እናንተን መልሰው በሰንሰለት ያስሯችኋል አላቸው። የባሪያ ንግድ ታሪክ ባለበት አገር፣ እንደዚያ ላሉ ሰዎች! ሪፐብሊካን ቢለው ኖሮ እዚህ ስንት ገጽ ይጻፍ ነበር?

ጋሽ ታክሲ፦
ልጆቼ፣ ለሪፐብሊካን አታልቅሱ።

እኔ ይሄን አገር ከሬገን ጀምሮ አውቀዋለሁ። በ1988 የዴሞክራቶቹን ዕጩ ዱካኪስን በምን እንደጣሉት አይቻለሁ። አንድ ጥቁር እስረኛ ፎቶ ቴሌቪዥን ላይ ለጥፈው ነው ነጩን ያስፈራሩት። በ2004 ደግሞ ዕጩያቸው ጆን ኬሪ ቬትናም ተዋግቶ፣ ቆስሎ፣ ተሸልሞ መጥቶ ሜዳሊያው የውሸት ነው ተባለ። ኦባማን ደግሞ «እዚህ አልተወለደም» ሲሉት ከረሙ። ሮምኒ ራሱ በ2012 ሚሺጋን ውስጥ «የልደት ወረቀቴን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም» ብሎ ቀለደ። ሕዝቡም ሳቀ። እኛ ስሙ የውጭ የሆነ ልጅ የምናሳድግ ሰዎች ያን ቀልድ እንዴት እንደሰማነው ታውቃላችሁ።

የቴክሳሱ ልጅ ስለ ዲትሮይት የተናገርከው ግማሹን ነው። በ2009 መጀመሪያ ላይ ለእነዚያ ኩባንያዎች ብድር የሚሰጥ የግል ባንክ አልነበረም። የመንግሥት ገንዘብ ባይገባ ፍርድ ቤት ቢሄዱም ከዚያ አይወጡም ነበር። ደግሞ ምርጫው ሊገባ ሲል ሮምኒ ኦሃዮ ላይ ምን ማስታወቂያ አሠራ? ክራይስለር የጂፕ መኪና ሥራውን ወደ ቻይና ሊወስድ ነው የሚያስመስል። የክራይስለር አለቃ ራሱ ወጥቶ ሐሰት ነው አለ።

ዝም ባይ፦
ውሻውን ማንም አላነሳም? ሰውየው በ1983 ውሻውን መኪና ጣሪያ ላይ ጭኖ ተጓዘ ተብሎ ስንት ወር ተወራ። እኛ አገር በግ በዚያው መልክ ለበዓል ይመጣል። ይቅርታ፣ ቀጥሉ።

ሚኒሶታ፦
😂 በጉ ግን ተመልሶ አይሄድም።

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ «እነሱም አድርገውታል» የሚለው መልስ አይሆነኝም። እኔ ካለሁበት ብዙም ሳይርቅ፣ ሌክቪል፣ ኦክቶበር 2008 ላይ አንዲት ሴት በዚያ ዓመት የሪፐብሊካን ዕጩ ለነበረው ለማኬይን «ኦባማን አላምነውም፣ ዓረብ ነው» አለችው። ማኬይን ማይኩን ተቀበላትና አይደለም አላት። ጨዋ የቤተሰብ ሰውና ዜጋ ነው፣ ልዩነታችን በፖሊሲ ነው አላት። የራሱ ደጋፊዎች እየጮኹበት ነው ያን ያደረገው። (ዓረብና ጨዋ የማይገናኙ ይመስል የሚለው ወቀሳ አለ፤ እሱም ልክ ነው።) በ2012 ከዴሞክራቶቹ መካከል ሪድን ፊት ለፊት እንዲያ ያቆመ ትልቅ ሰው አላስታውስም።

ስለ እኛ ጉዳይም አንድ ነገር ላንሳ። እዚህ ያለው ሰው ብዙው በዲቪ የመጣ ነው። በ2012 የሐበሻ ወሬ ሁሉ «ሪፐብሊካን ከገባ ዲቪ ይዘጋል» ነበር። መሠረት አልነበረውም አልልም። ሮምኒ በዚያ ዓመት ክርክር ላይ ወረቀት የሌላቸው ኑሮ ሲከብዳቸው በገዛ ፈቃዳቸው ይሂዱ ብሏል። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ ደግሞ በሪፐብሊካን የተያዘው የተወካዮች ምክር ቤት ዲቪን የሚሰርዝ ሕግ በ245 ለ139 አሳለፈ። ሴኔት ውስጥ ቀረ። ግን በ2013 ምን ሆነ? ሴኔቱ ትልቁን የኢሚግሬሽን ሕግ በ68 ለ32 አሳለፈ። ዴሞክራቶቹ በሙሉ ደገፉ። እዚያ ውስጥም ዲቪ ተሰርዞ ነበር! ከሕጉ አርቃቂዎች አንዱ ቸክ ሹመር ነው፤ በ1990 ዲቪን ካመጡት አንዱ። ሕጉን አንስቶ ሳያይ ያስቀረው ያው የሪፐብሊካን ምክር ቤት ነው። ለዲቪ ብሎ አይደለም፤ ሌላው ሌላው ስላልተዋጠለት ነው። ዲቪ ግን ተረፈ። ይሄን ስንቶቻችን አወራነው?

ጋሽ ታክሲ፦
እሱን አላውቅም ነበር፤ አጣራለሁ። የጤና ኢንሹራንሱን ነገር ግን አትለፉት። ሮምኒ የማሳቹሴትስ ገዥ ሆኖ በ2006 ሁሉም ሰው ኢንሹራንስ እንዲኖረው የሚያስገድድ ሕግ ፈረመ። የኦባማ ሕግ በአብዛኛው የዚያ ግልባጭ ነው። ከዚያ በመጀመሪያው ቀን አፈርሰዋለሁ ብሎ ተወዳደረ። ለኔ ከሁሉም ትችት ትልቁ ይሄ ነው። ውሸት አያስፈልገውም።

የፌርፋክሱ፦
ጋሼ፣ እርስዎ እኮ የኔን ክርክር እየተከራከሩልኝ ነው።

ቴክሳስ ቀይ፦
ሩሲያንም ጨምሩበት። ማርች 2012 ላይ ሮምኒ ዋናዋ ተቀናቃኛችን ሩሲያ ናት አለ። ኦባማ ኦክቶበር ላይ ክርክሩ መድረክ ላይ ቀለደበት፤ 1980ዎቹ የውጭ ፖሊሲያቸውን መልሱልን እያሉ ነው አለው። ሁሉም አጨበጨበ። በ2014 ክሪሚያ፣ በ2022 መላው ዩክሬን። የክሊንተን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረችው ማድሊን ኦልብራይት በ2019 ምክር ቤት ቀርባ ለሮምኒ ይቅርታ አለብኝ አለች። ከሚያላግጡበት አንዷ ነበረች። ሌላው ዝም ብሏል።

በ2020 ሮምኒ ትራምፕ ከሥልጣን እንዲነሳ ድምፅ ሲሰጥ ደግሞ እነዚያው ሰዎች ጀግና አሉት። በራሱ ፓርቲ ፕሬዚዳንት ላይ እንዲህ ያደረገ የመጀመሪያው ሴናተር ነው። ሰውየው አልተለወጠም እኮ። የጠቀማቸው ቀን ጥሩ ሰው ሆነ። እኔ ዘመዶቼን ለማሳመን ስሞክር «ሮምኒንም ዘረኛ ብላችሁት ነበር» ይሉኛል። ምን ልመልስ?

ሂሳብ ሠሪዋ፦
«የገቢ ግብር የማይከፍለውን ሲያዋርድ በድምፅ ተይዟል፤ ዘረኛ ግን አይደለም» በላቸው። ሁለቱንም በአንድ አፍ መናገር ይቻላል።

ዝም ባይ፦
ሮምኒ በመጨረሻ ያገኘው ድምፅ ስንት ከመቶ መሰላችሁ? 47።

የፌርፋክሱ፦
እኔ የሪድ ነገር ነው አልወጣልኝ ያለው። ሮምኒ ግፊቱ ሲበዛበት የ2010ንና የ2011ን የታክስ ወረቀት አወጣ። አባቱ ጆርጅ ሮምኒ ለ1968ቱ ምርጫ ሲዘጋጅ የአሥራ ሁለት ዓመት አውጥቶ ነበር። «ለምን ሁለት ብቻ?» ማለት በቂ ጥያቄ ነበር። በ2011 የከፈለው 14.1 ከመቶ ነው። እሱንም የሰጠውን ምጽዋት በሙሉ ሳይቀንስ ትቶ ነው ከፍ ያደረገው፤ ከ13 በታች ከፍዬ አላውቅም ብሎ ስለነበር። ይሄ ሁሉ በእጅ እያለ «ምንም አልከፈለም» ለምን አስፈለገ?

ጋሽ ታክሲ፦
ልጄ፣ 14 ከመቶ ለምን እንደሚያንስ ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። «አልከፈለም» ማለት ሁለት ሰከንድ ነው። ምርጫ ጊዜ የለውም።

ሂሳብ ሠሪዋ፦
ግማሽ ሰዓት አይፈጅም ጋሼ። ሮምኒ በ2011 ገቢው 13.7 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ አብዛኛው ገንዘቡ የወለደው ነው። እርስዎ በዚያው ዓመት ታክሲ እየነዱ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ብቻ የሚከፍሉት መጣኔ 13.3 ከመቶ ነበር፤ የገቢ ግብሩ ገና ሳይጀመር። ያን ዓመት የፋይሉን ወረቀት ካላጣሉት አውጥተው ይዩት።