የሥዕል ዐውደ ርዕይ መግለጫ ለማን ነው የሚጻፈው?

አወያይ፦ አንዷ አባላችን አዲስ አበባ ውስጥ ያየችው ዐውደ ርዕይ መግለጫው በእንግሊዝኛ ብቻ ነበር። ሠዓሊ ሥራውን በአማርኛ የማስረዳት ግዴታ አለበት ወይ?

ተመልካቿ፦ የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። 30 ዓመት ጥልፍ ስትጠልፍ የኖረች፣ ቀለም የምታውቅ ሴት ናት። ጆንያ የተሰፋበት ሸራ ፊት ቆመችና በጣቷ ስፌቱን ተከትላ «ይሄ ክር እዚህ ጋ የተበጠሰው ሆን ተብሎ ነው ወይስ አርጅቶ?» አለችኝ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ሁለቴ አነበብኩት። ስለ ማንነትና ስለ ትውስታ ብዙ ይላል፤ ስለ ጆንያው አንድ ቃል የለውም። የማስረዳት ግዴታ አለበት እላለሁ።

ሠዓሊው፦ እህቴ፣ እናትሽን አከብራለሁ። ግን የኔን ሥዕሎች ከገዙት አብዛኞቹ የውጭ ሰዎች ናቸው፤ የስቱዲዮ ኪራይ የምከፍለውም በዚያ ነው። ደግሞ እኛ የሰምና ወርቅ ሰዎች ነን። ቅኔ ተፈቶ ይቀርባል እንዴ?

መምህሩ፦ ቅኔውን ካነሳህማ ወንድሜ፣ ወርቁን ፍለጋ የሚገባው ሰው መጀመሪያ ሰሙን ሰምቶ ነው። ሰሙም ካልተሰማ ምን ይፈታል? የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን ይህን ያውቁ ነበር። የንግሥተ ሳባን ታሪክ ብዙ ጊዜ 44 ቦታ ከፍለው ሲሥሉ ከየሥዕሉ ጋር አጭር የአማርኛ ጽሑፍ ያኖራሉ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደግሞ ጻድቁ በሁለት ዓይን፣ ክፉው በጎን በአንድ ዓይን ይሣላል፤ ፊደል ያልቆጠረም ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ይህን ማድረጋቸው ጥበባቸውን አላሳነሰውም።

ሠዓሊው፦ እዚያ ታሪኩን ሁሉም ያውቀዋል፣ መምህር። የኔ ሥራ ታሪክ የለውም። ዕቃዎችን ቦታ ላይ አቀናጅቶ የሚሠራውን «ኢንስታሌሽን»ንስ በአማርኛ ምን ልበለው?

ሌላ አባል፦ ኢንስታሌሽን በለው፣ ምን ችግር አለው? ቀጥሎ «ከመርካቶ በተገዙ 12 ጆንያዎች የተሠራ» ብለህ ጻፍ። ሰው የሚቸገረው በቃሉ አይደለም። እንግሊዝኛውም ይቅር ያለ የለም፤ ከጎኑ ይሁን።

ሠዓሊው፦ እሺ፣ ከምን እንደሠራሁትና እንዴት እንደሠራሁት በአማርኛ እጽፋለሁ። ትርጉሙን ግን አልጽፍም፤ በዚህ አልደራደርም።

ተመልካቿ፦ እናቴም ትርጉሙን አልጠየቀችም፤ የጠየቀችው ስለ ክሩ ነው።