ስሙን ሳይናገር የሚጠቁም ሰው ይታመናል? (ክርክር)

አወያዩ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይሄ ነው። ሰው ስሙን ሳይጠየቅ ስለ ወንጀል ያወቀውን የሚጠቁምበት ስልክ በየወረዳችን ቢኖር ይጠቅመናል ወይስ ያባላናል? ያለ ምክንያት አላመጣሁትም። በገበያ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ተደብድቦ ይወድቃል። ፖሊስ ሲመጣ ያየ የለም። መቶ ሰው ቆሞ ነበር እኮ! ሁሉም "ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር" ይላል። በሉ ቀጥሉ። ስድብ የለም።

የባጃጅ ሾፌሩ፣ ደብረ ማርቆስ፦ ይኑር! ምን ያከራክራል? እኔ ማታ ማታ የምሠራ ሰው ነኝ። ማን የማንን ጎማ እንደሚፈታ አውቃለሁ። ዝም የምለው ሌባውን ወድጄው አይደለም። እሱ ነገ ይለቀቃል፣ እኔ እዚያው ፌርማታ ላይ ነኝ። ስሜን የማይጠይቀኝ ካለ ዛሬ ማታ እደውላለሁ።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ ልክ ነህ ልጄ። መርማሪን የሚያስቸግረው ብዙ ጊዜ መነሻ ማጣት ነው። ከየት እንደሚጀምር አያውቅም። አሜሪካ ውስጥ አልበከርኪ የምትባል ከተማ አለች። በ1976 እ.ኤ.አ. ነዳጅ ማደያ የሚሠራ አንድ ተማሪ ተገደለ። መርማሪው ግሬግ ማካሊስ ፍንጭ አጣ። ቴሌቪዥን ጣቢያ ሄዶ አገዳደሉን በተዋናይ አሠርቶ አሳየ። ስም አንጠይቅም፣ ወሮታም እንከፍላለን አለ። አንድ ሰው ደወለ። ሰውዬው ግድያውን አላየም። ከቦታው ስትወጣ ያያትን መኪና ነው የተናገረው። በ72 ሰዓት ውስጥ ሁለት ሰዎች ተያዙ። "ክራይም ስቶፐርስ" የሚባለው የጥቆማ ስልክ ከዚያ ተነሣ። ደዋዩ በስም ፈንታ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወሮታውንም በቁጥሩ ይወስዳል። ልብ በሉ፣ "እገሌ ገደለ" አላለም። መኪና ነው ያለው። የቀረውን የሠራው ፖሊስ ነው።

የሞጣዋ፦ ጋሼ፣ የእርስዎ አልበከርኪ ትልቅ ከተማ ነው። የእኛ ጎጥ ሠላሳ አባወራ ነው። ካቻምና የአጎቴ ሁለት በሬዎች ሌሊት ከበረት ተነዱ። ሲነዱ ያየች አንዲት ሴት ነበረች። ጎህ ሳይቀድ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነው። ለእኔ ነገረችኝ፣ እኔ ደወልኩ። የት እንደደወልኩ ይቅር። ያነሳው ሰው ገና ሳልጨርስ "የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ። ስም አልሰጠሁም። ግን "ጎህ ሳይቀድ፣ በወንዙ በኩል" ብያለሁ። አለቀ። በዚያ ሰዓት ወደ ወንዙ የሚወርድ ማን ነው? እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ የሌባው ወንድም ያቺን ሴት "ውኃው እንዴት ነው?" አላት። ሌላ ምንም አላላትም። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን አትወርድም። ስም መደበቅ እኛ ዘንድ ምን ያደርጋል? ያየኸው ነገር ራሱ ስምህ ነው።

የባጃጅ ሾፌሩ፦ ኧረ ሲሙም አለ! ሲም ካርዴ በመታወቂያዬ ነው የወጣው። ቅድም እደውላለሁ ያልኩትን ትንሽ ላቆየው።

መምህሩ፣ ፍኖተ ሰላም፦ እኔ ጭራሽ አይኑር ባይ ነኝ። ቀይ ሽብር ለእናንተ ታሪክ ነው፣ ለወላጆቼ ግን ኑሮ ነበር። "አጋልጡ" ይባል ነበር። ያጋለጠው ሰው ማን እንደሆነ ሳይታወቅ ስንቱ ወጥቶ ቀረ። ጆሮ ጠቢ የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ስድብ የሆነው ለምን ይመስላችኋል? ደግሞ የእኛን ጠብ እናውቀዋለን። ከድንበር ነው፣ ከደም ነው። እርሻዬን ገፋብኝ የሚል ሰው ስልኩን አንስቶ "እገሌ ቤት መሣሪያ አለ" ቢል ማን ያጣራል? በዚህ በአሁኑ ጊዜ እንዲህ ያለ ጥሪ ሰው ያስገድላል።

ጠበቃዋ፣ ባሕር ዳር፦ መምህር፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል። ግን ሕጉ እንዲህ ባዶውን አልተወውም። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ስሙን ያልገለጸ ሰው የሚያቀርበው ክስ ራሱን የቻለ ቁጥር አለው፣ ቁጥር 12። በደፈናው የተወረወረ ወሬ ምርመራ አያስጀምርም። ዝርዝር ያለው፣ ሁኔታው የሚደግፈው መሆን አለበት። በሐሰት መወንጀልም ራሱ ወንጀል ነው።

የውጭውንም ልጨምር። አሜሪካ፣ ማያሚ ከተማ ውስጥ አንድ ሰው ስሙን ሳይናገር ለፖሊስ ደወለ። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ የቆመው ባለ ቼክ ሸሚዝ ወጣት ሽጉጥ ይዟል አለ። ፖሊስ ሄዶ ፈተሸ። ሽጉጡ ተገኘ! ሆኖም በ2000 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍተሻው ሕገ ወጥ ነው አለ፣ በሙሉ ድምፅ። ሸሚዝና ፌርማታ ማንም መንገደኛ የሚያየው ነገር ነው። ደዋዩ ስለ ሽጉጡ እንዴት እንዳወቀ አልታወቀም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጥቆማ የት እንደምትፈልግ ይነግርሃል እንጂ ለማሰር አይበቃም።

መምህሩ፦ እሱ በማያሚ ነው፣ እህቴ። እኛ ዘንድ መጀመሪያ ይታሰራል፣ ከዚያ ይጣራል።

ጠበቃዋ፦ እዚህ ላይ አልከራከርዎትም።

የብቸናው፦ ሁላችሁም አዲስ ነገር የመጣ አስመሰላችሁት። አያቶቻችን አውጫጭኝ ነበራቸው፣ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል፣ የአገሩ ሰው በሙሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። እርሻው ይቆማል፣ ከብቱ ይጮኻል። ግን በአደባባይ ተነሥቶ "እገሌ ነው" የሚል ጀግና የለም። ታዲያ እንዴት ይወጣል? ወፍ አለች! ያየው ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በስውር ይነግራል። እነሱም "ወፍ ነገረችን" ይላሉ። ሽማግሌዎቹ ወፏን ያውቋታል፣ ሕዝቡ አያውቃትም። የመቶ አለቃ ስልክ ማለት እሷ ናት።

መምህሩ፦ ወፏን አነሣህ፣ ሌባ ሻዩንስ? ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁታል። እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባልና ይከፍላል። እሱም የአያቶቻችን ነው። የማይጠየቅ ጠቋሚ መጨረሻው እሱ ነው።

የብቸናው፦ ሃሃ! ተቀብያለሁ። ግን ልጁን የሚመረምረው የለም። ወፏን ሽማግሌው ይመረምራታል። በዓይንሽ አየሽ ወይስ ሰማሽ? ከሰውየው ጋር ጠብ አለሽ? ይላታል።

ጠበቃዋ፦ ይሄ ቁም ነገር ነው። እንግሊዞች በ1988 እ.ኤ.አ. የጀመሩት "ክራይም ስቶፐርስ" የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው፣ የፖሊስ ክፍል አይደለም። ስልኩን የሚያነሳው ፖሊስ አይደለም። የደዋዩ ቁጥር አይታይም። የተባለውን ይጽፉና ደዋዩን የሚያጋልጠውን ነገር አውጥተው ነው ለፖሊስ የሚያቀብሉት። የሞጣዋ እህታችን "በወንዙ በኩል" ያለችው እዚያ ቢሆን ተቆርጦ ይቀር ነበር። ፖሊስ ጋ የሚደርሰው የበሬው መልክ፣ የተነዱበት አቅጣጫና የነጂው ስም ብቻ ነው።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ ስልኩ ከጣቢያ ይውጣ ነው የምትይው? ለአንድ ፖሊስ የሚዋጥ ነገር አይደለም። ግን እውነቱን ልናገር። ቢሮ ውስጥ ሻይ የሚያቀርበው ሰው እንኳ የጠቋሚ ስም ሲሰማ አይቻለሁ። ይውጣ።

የባጃጅ ሾፌሩ፦ አዋጅ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ጠቋሚ ይጠበቃል የሚል።

ጠበቃዋ፦ አለ። የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003። ግን ለከባድ ወንጀል ነው። ለባጃጅ ጎማ ጥበቃ አትጠብቅ።

የባጃጅ ሾፌሩ፦ ጎማው ለእኔ ከባድ ነው እንጂ!

አወያዩ፦ መምህር፣ ስልኩን ፖሊስ የማያነሳው ከሆነስ? አሁንም አይኑር?

መምህሩ፦ ማን ያነሳዋል? ንገረኝና እመልሳለሁ። ቀበሌው ነው? በቀበሌው የማይፈራ ማን አለ? ቤተ ክህነት ነው? ሙስሊሙስ? ሽማግሌ ነው? ሽማግሌው የሌባው አማች ቢሆንስ? የሩቅ ከተማ ሰው ከሆነ፣ አዲስ አበባ የተቀመጠ፣ እዚህ ዘመድም ጠላትም የሌለው፣ እሺ። ለነፍስ ግድያና ለዘረፋ ብቻ። መሣሪያ አለው፣ እንዲህ ያስባል፣ ከእነ እገሌ ጋር ነው የሚለውን እንዳይቀበል። እስከዚያ ድረስ ነው እሺ ያልኩት።

የሞጣዋ፦ እኔም በዚያ እስማማለሁ። "የማን ልጅ ነሽ" የሚለኝ ካልሆነ።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ ልጄ፣ በሬዎቹ ግን ተገኙ?

የሞጣዋ፦ አንዱ። ብቸና ገበያ ላይ፣ አጎቴ ራሱ ሄዶ በቀንዱ አወቀው።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦ ብቸና እንዳለ ማን ነገረው?

የሞጣዋ፦ ወፍ።