ለአውቶካድ ሥራ እጅ የማያደነዝዝ ማውስ የቱ ነው?

ጠያቂ፦ መስመር፣ ቱሉ ዲምቱ

ሰላም ለሁላችሁ። ኮንዶሚኒየም ቤቴ ሆኜ በቀን 7 ሰዓት ያህል በአውቶካድ የሕንፃ ፕላን እሠራለሁ። የቀኝ እጄ አውራ ጣት፣ ጠቋሚና የመሀል ጣት ሌሊት ሌሊት ይደነዝዛሉ፤ እጄን ሳራግፈው ይለቀኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንጓዬ ከላይ በኩል ይጠዘጥዘኛል። የምጠቀመው ትንሽ፣ ጠፍጣፋ ገመድ አልባ ማውስ ነው። ጠረጴዛዬ የምግብ ጠረጴዛ ሲሆን ቁመቱ 76 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ወንበሬ የፕላስቲክ ነው። መገናኛ ካሉ ሱቆች ቨርቲካል የሚሉትን፣ እጅን ለሰላምታ እንደተዘረጋ አቁሞ የሚያስይዘውን ልገዛ አስቤአለሁ። እሱን ልግዛ ወይስ ኳሱን በጣት የሚያንከባልሉት (ትራክቦል) ይሻለኛል? ሁለቴ መግዛት ስለማልችል ነው የምጠይቀው።

ፊዚዮዋ፣ አያት

እህቴ፣ የደነዘዙትን ጣቶች ለይተሽ መጻፍሽ ግማሹን ሥራ አቅልሎልናል። አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ የመሀል ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ የሚዲያን ነርቭ ድርሻ ናቸው። ይህ ነርቭ አንጓ ላይ ከ9 ጅማቶች ጋር በአንድ ጠባብ ቀዳዳ ተጣቦ ነው የሚያልፈው። አንጓ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሲታጠፍ ቀዳዳው ይጠባል። የደነዘዘው ትንሿ ጣት ብትሆን ኖሮ ሌላ ነርቭ ነውና ክርንሽን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ እየተደገፍሽ እንደሆነ ነበር የምጠይቅሽ።

አሁኑኑ ሞክሪው። የሁለት እጆችሽን ጀርባ አገናኝተሽ፣ ጣቶችሽን ወደ መሬት አድርገሽ፣ አንጓዎችሽን አጥፈሽ 60 ሰከንድ ያዢ። በእነዚያው ጣቶች ላይ መጠቅጠቅ ከመጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ምርመራን ግን አይተካም።

ለሌሊቱ አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ከፋርማሲ ግዢ። ውስጡ ያለው ብረት ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ ጎበጥ ብሎ ነው የሚመጣው። አውጥተሽ አቃንተሽ መልሽው፤ ካልሆነ ያው ቀዳዳ እንደጠበበ ያድራል። መደንዘዙ ቀንም የማይለቅ ከሆነ፣ ዕቃ ከእጅሽ እያመለጠ ከወደቀ፣ ወይም አውራ ጣት ሥር ያለው ሥጋ ከሌላኛው እጅ ሲተያይ ከጎደጎደ፣ ማውስ መምረጡን ትተሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። እርግዝና፣ ስኳርና የእንቅርት ሕመምም ይህንኑ ያመጣሉ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ቨርቲካል ማውስ የክንድን መጠማዘዝ ይቀንሳል እንጂ የአንጓን ወደ ኋላ መታጠፍ በራሱ አያስቀርም። እሱን የሚወስነው የጠረጴዛሽ ቁመት ነው።

ሜትሩ፣ ለገጣፎ

76 ሳንቲ ሜትር የሚለውን ሳነብ ሌላው ሁሉ ጠፋብኝ። የተቀመጥሽበትን ከፍታ ከወለል ለኪ፤ ከዚያ ትከሻሽን ለቀሽ ከመቀመጫው እስከ ክርንሽ ለኪ፤ ሁለቱን ደምሪ። መቀመጫው 42፣ ክርንሽ 22 ከሆነ ድምሩ 64 ነው። ይህ ማለት ማውሱ ከክርንሽ 12 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ ተሰቅሏል። ትከሻ ይነሳል፣ ክንድ ሽቅብ ያዘነብላል፣ አንጓም ወደ ኋላ ይታጠፋል። የፈለግሽውን ማውስ ብትገዢ ከዚህ አያወጣሽም።

የጠረጴዛው እግር አይቆረጥም፣ ስለዚህ አንቺ ከፍ በይ። ሁለት የፕላስቲክ ወንበር መደራረብ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይሰጣል፤ ቀሪውን በጠንካራ ስፖንጅ ሙዪው። ስፖንጁን ስትለኪ ተቀመጪበት እንጂ ባዶውን አትለኪ፤ 8 ሳንቲ ሜትር የነበረው ሰው ሲቀመጥበት 3 ሆኖ ይቀራል። እግርሽ ከወለሉ ሲነሳ የጭንሽ ሥር እንዳይጫን ከእግርሽ በታች ደስጣ ወረቀት አስገቢ። ያልተፈታ 500 ቅጠል ኤ4 ውፍረቱ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሁለቱ ይበቃሉ። ክርንሽ ከጠረጴዛው ጋር እኩል ወይም 1–2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ሲል ሥራው አለቀ።

ጠረጴዛው ላይ የአበባ ላስቲክ ከተነጠፈ ወይም መስታወት ካለበት ማውስ ፓድ አንጥፊ። መስታወት ላይ ብዙዎቹ ማውሶች ጨርሶ አያዩም፤ የሚያብረቀርቅ ላስቲክ ላይ ደግሞ ቀስቱ ይዘላል፣ አንቺም ሳይታወቅሽ አጥብቀሽ ትይዢዋለሽ። ለአንጓ ያበጠ ትራስ ያለውን ፓድ ግን ተዪው። ትራሱ የሚጫነው ልክ ፊዚዮዋ ያለችው ቀዳዳ ላይ ነው። የሚደገፈው ክንድ ነው።

ካድ ሠሪ፣ ሰሚት

እዚህ ያልተነሳው የመሀል ቁልፍ ነው። አውቶካድ ላይ ሥዕል የምናንሸራትተው ጎማውን ተጭነን ይዘን ነው፤ በቀን ስንት መቶ ጊዜ እንደሆነ ቁጠሪው። ርካሽ ማውሶች ላይ ጎማው ለመጫን ጠጣር ነው። ቨርቲካል ላይ ሲሆን ደግሞ ወደ ጎን ስለምትጫኚው ማውሱን ራሱን ትገፊዋለሽ፣ ቀስቱም ከያዝሽው ነጥብ ይንሸራተታል። ለጽሑፍ ሥራ ምንም አይደለም፤ ለእኛ ግን መስመር ከማዕዘኑ ሳይገጥም ይቀራል።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ቆመሽ ይህን አድርጊ፦ ማውሱን በአውራ ጣትሽ ሳትደግፊው ጎማውን 10 ጊዜ ተጫኚ። ቀስቱ በየጊዜው ከተነቃነቀ መልሽው። ከበድ ያሉት ይሻላሉ፤ ሎጊቴክ ሊፍት 125 ግራም፣ ኤምኤክስ ቨርቲካል 135 ግራም ነው።

ከመግዛትሽም በፊት የመጫኑን ብዛት ቀንሺ። አውቶካድ የሚያቀርበውና የሚያርቀው ቀስቱ ባለበት ነጥብ ላይ ነው። ስለዚህ ከማንሸራተት ይልቅ ጎማውን አሽከርክረሽ ራቂ፣ ቀስቱን ወደምትፈልጊው ክፍል ውሰጂ፣ መልሰሽ ቅረቢ። ዙምፋክተር (ZOOMFACTOR) የሚለውን ትእዛዝ ሳትነጣጥዪ ጻፊና ቁጥሩን ከ60 ወደ 90 አሳድጊ፤ ጎማው በአንድ ጠቅታ ብዙ ይሄድልሻል። ጎማውን ስትጫኚ ማንሸራተቱ ቀርቶ ሜኑ የሚወጣብሽ ከሆነ ኤምበተንፓን (MBUTTONPAN) የሚባለው ቅንብር ዜሮ ሆኖ ነው፤ 1 አድርጊው።

የጎማውን መጫን ወደ ጎን ቁልፍ ማዛወርም ይቻላል። ኤክስ ማውስ በተን ኮንትሮል የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ የጎን ቁልፍ ባለው በማንኛውም ማውስ ይሠራል።

ፊዚዮዋ፣ አያት

ካድ ሠሪ፣ የመጨረሻዋን አልወደድኳትም። ሸክሙን ከመሀል ጣት አውርደን አውራ ጣት ላይ ከጫንነው፣ ውሎ አድሮ በአውራ ጣት በኩል ያለው የአንጓ ጅማት ሊቆጣ ይችላል። የዙሙ መላ ይቅደም፤ የጎን ቁልፉ ለአልፎ አልፎ ይሁን።

ሽቦ፣ ቡራዩ

ኳስ ስላለው፦ ሁለት ዓይነት ነው። እንደ ሎጊቴክ ኤርጎ ኤም575 ያለው በአውራ ጣት ይንከባለላል፤ ፊዚዮዋ የፈራችውን ቀኑን ሙሉ ማድረግ ማለት ነው። እንደ ኬንሲንግተን ኤክስፐርት ያለው ባለ 55 ሚሊ ሜትር ኳስ በጣቶች ይንከባለላል፣ አውራ ጣት አይደክምም፤ ግን ግዙፍ ነው፣ ጎማም የለውም፤ በኳሱ ዙሪያ ያለ ቀለበት ነው የሚሽከረከረው። ቀለበት ደግሞ እንደ ጎማ አይጫንም፣ ስለዚህ የመሀል ቁልፍን ከ4ቱ ቁልፎች ለአንዱ መስጠት ግድ ነው። በአቧራችን ደግሞ ኳሱ የሚቀመጥባቸው 3 ጥቃቅን ነጥቦች ላይ እድፍ ይጋገራል፤ በየሳምንቱ ኳሱን አውጥቶ መጥረግ ይጠይቃል። ለአውቶካድ እኔ አልመክርም።

እጅሽን ለኪና ንገሪን። ከአንጓው የመጀመሪያ መስመር እስከ መሀል ጣት ጫፍ፣ ከዚያም ከአውራ ጣት በቀር የ4ቱ ጣቶች ሥር ስፋት።

መስመር

አመሰግናለሁ። እጄ 17.2 በ7.8 ሳንቲ ሜትር ነው። ድምሩ 63 መጣ፣ ስለዚህ 13 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብዬ ነው የምሠራው ማለት ነው! የ60 ሰከንዱ ሙከራ 35ኛው ሰከንድ ገደማ ላይ ጠቀጠቀኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሮ ያለ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይም እሠራለሁ፤ ብሉቱዝ የለውም። ሱቅ ውስጥ ያሉት ቨርቲካሎች አንከር የሚባለውና ሊፍት ናቸው፤ አንከር በጣም ይረክሳል።

ሽቦ፣ ቡራዩ

17.2 ትንሽና መካከለኛ መሀል ያለ እጅ ነው። ሊፍት የተሠራው ለዚህ ልክ ነው፤ ኤምኤክስ ቨርቲካል ይበዛብሻል፣ ቁልፎቹ ላይ ለመድረስ ጣትሽን ትዘረጊያለሽ። አንከሩ ለጽሑፍና ለሒሳብ ሥራ ከዋጋው በላይ ጥሩ ነው። ችግሩ 8 ደቂቃ ሳይነካ ከቆየ ይተኛል፤ በማንቀሳቀስ አይነቃም፣ ቁልፍ መጫን አለብሽ። ያ የመጀመሪያ ጠቅታ ሥዕልሽ ላይ የት እንደሚያርፍ ካላየሽ ያናድድሻል።

ሊፍትን ስትገዢ ካርቶኑ ውስጥ ሎጊ ቦልት የሚባለው ትንሽ ሪሲቨር መኖሩን አረጋግጪ። ለማክ ተብሎ የሚሸጠው የለውም፣ ያለ ሪሲቨር ደግሞ የቢሮሽ ዴስክቶፕ አያውቀውም። የድሮው ሎጊቴክ ዩኒፋይንግ ሪሲቨር አይተካውም፤ ሻጩ ያው ነው ቢልሽ አትመኚ። ሪሲቨሩን ዴስክቶፑ ጀርባ ካለ ሰማያዊ ዩኤስቢ አጠገብ አትሰኪው፣ የዚያ ወደብ ጣልቃ ገብነት ማውሱን ያንቀራፍፈዋል፤ በአጭር የዩኤስቢ ማስረዘሚያ ወደ ጠረጴዛው አውጪው። የሚሠራው በ1 ዳብል ኤ ድንጋይ ነው፣ መብራት ቢጠፋም አያሳስብሽም፤ አልካላይን ይሁን፣ ርካሹ ውስጡ ይፈስሳል።

የቁልፍ ማስተካከያው የሚቀመጠው ኮምፒውተሩ ላይ ነው፤ ቢሮም ላይ እንደ አዲስ መሙላት አለብሽ።

ሜትሩ፣ ለገጣፎ

13 ሳንቲ ሜትሩን መጀመሪያ፣ ማውሱን ሁለተኛ። መቀመጫሽን አስተካክለሽ በድሮው ማውስ 10 ቀን ሥሪ። ኪቦርድሽ በስተቀኝ የቁጥር ረድፍ ካለው ማውሱን 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ገፍቶብሻል፤ የቁጥር ረድፍ የሌለው ኪቦርድ ካገኘሽ እሱም ከማውሱ የማይተናነስ ለውጥ ነው።

ካድ ሠሪ፣ ሰሚት

አዲሱን ስትጀምሪ የመጀመሪያውን ሳምንት በቀን ከ1–2 ሰዓት አይብለጥ፣ የሚረከብ ሥዕል ባለበት ቀን ደግሞ ጨርሶ አትጀምሪው፤ እጅ እስኪለምድ ነጥብ መያዝ ይዘገያል። የድሮውን አትንቀዪ፤ ዊንዶውስ ሁለት ማውስ በአንዴ ይቀበላል። ከኪቦርዱ በግራ አስቀምጪውና ዝርዝር ማንበብና ማሸብለል ብቻ ሲሆን በግራ እጅሽ ሥሪበት። ቨርቲካሉ ረጅም ስለሆነ ከኪቦርድ እጅሽን ስትመልሺ ትጥዪዋለሽ፤ ከጎን ሳይሆን ከላይ መያዝን ልመጂ።