ባለቤቱ የማያሳየውን የድሮ የልጆች ፕሮግራም ሌላ ሰው ቢያሳየው ጥፋት ነው?

የኦሃዮ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በኬብል ቴሌቪዥን መጀመሪያ ዘመን ለልጆች ከተሠሩት ፕሮግራሞች ብዙዎቹ ዛሬ በየትኛውም የስትሪሚንግ አገልግሎት አይገኙም። ድሮ በቪኤችኤስ የቪዲዮ ካሴት ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው ዩቲዩብ ላይ ሲያወጣቸው ደግሞ ባለመብቱ ማስወረድ ይችላል፤ እሱ ራሱ ግን አያሳያቸውም። ይሄ ልክ ነው? እኔ በፍጹም ልክ አይደለም ባይ ነኝ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ለምሳሌ «ፒንዊል» የሚባለውን የልጆች ፕሮግራም ውሰዱ። ዲሴምበር 1 ቀን 1977 እዚሁ ኮሎምበስ ከተማ፣ «ኪውብ» በሚባለው የዋርነር ኬብል ላይ ለልጆች ብቻ የሚሠራ ጣቢያ ተከፈተ። ስሙም እንደ ፕሮግራሙ ፒንዊል ነበር። ኤፕሪል 1 ቀን 1979 በአገር አቀፍ ደረጃ ሲወጣ «ኒኬሎዲዮን» ተባለ። ዓለም የሚያውቀው ኒኬሎዲዮን የተነሣው ከዚህ ነው፤ ፕሮግራሙም በድጋሚ እየታየ እስከ 1990 ቆይቷል። እኔ ከሱዳን በስደት መጥቼ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ሳላውቅ የተቀመጥኩት ፊቱ ነው። ሰዎችና አሻንጉሊቶች አብረው የሚኖሩበት ትልቅ ቤት ነበር። ኮኮ የምትባለው ነዋሪ ቃል አትተነፍስም፤ በእጇና በፊቷ ብቻ ነው የምትጫወተው። ሌሎቹ ሲያወሩ እኔ እሷ እስክትመጣ እጠብቅ ነበር፤ እሷ ስትመጣ እንደማንኛውም ልጅ ገብቶኝ እስቃለሁ።

ዛሬ የኒኬሎዲዮን ባለቤት የሆነውን የፓራማውንትን ስትሪሚንግ፣ ፓራማውንት ፕላስን፣ ከፍታችሁ ብትፈልጉት የለም። የኒኬሎዲዮን ሌላው ሥራ ሞልቶ፣ የመጀመሪያው የለም! ባለመብት መሆን ሥራውን ለመሸጥ መብት ይሰጣል፤ ቀብሮ ለማስቀረት ግን ሊሰጥ አይገባም።

ባለክራሩ፦
ወንድሜ፣ ስሜትህ ይገባኛል፤ ሐሳብህን ግን አልቀበለውም። እኔ ሙዚቀኛ ነኝ። ካሴታችን ገና ገበያ ሳይጠግብ ተገልብጦ ጎዳና ላይ ሲቸበቸብ ያየን ሰዎች ነን። በኛ አቆጣጠር የቅጂ መብት ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሲወጣ «እፎይ» ያልነው ለዚህ ነው። «ባለቤቱ ካልተጠቀመበት እኔ ልውሰደው» የሚለው አነጋገር ዛሬ ፓራማውንትን የሚነካ ይመስላል እንጂ፣ ነገ የሚወድቀው ጠበቃ መቅጠር በማይችለው ሰው ላይ ነው።

ደግሞም «ቀበሩት» ማለት ቀላል ነው። የዚያን ጊዜ ውል የተፈረመው ለኬብል ስርጭት ነው፤ ስትሪሚንግ የሚባል ነገር በማን ሐሳብ ነበር? ፕሮግራሙ ውስጥ አንድ ዘፈን ካለ ከዜማው ደራሲ፣ ከግጥሙ ባለቤትና ቀረጻው ከተያዘበት ኩባንያ ጋር እንደ አዲስ መነጋገር ያስፈልጋል። አንተ የጠቀስከው ፒንዊል ራሱ በየመሃሉ ከውጭ የተገዙ አጫጭር ፊልሞችን ያሳይ ነበር፤ የድቡ ፓዲንግተን ፊልም የእንግሊዝ፣ ሌላው የሌላ አገር። የያንዳንዳቸው ባለቤት ለየብቻ ነው። አንዱ ሞቶ ለወራሽ ተላልፏል፣ የሌላው ኩባንያ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጧል። የአንዱን ክፍል መብት ለማጥራት የሚወጣው ወጪ ከገቢው ቢበልጥ ማን ይከፍላል?

የሦስት ልጆች እናት፦
ወንዶች፣ ስለ ልጆች ፕሮግራም ስትከራከሩ ልጆቹን ረሳችኋቸው። ይሄ የአርባና የሃምሳ ዓመት ሰው ትዝታ ነው። የታወቀው የአሜሪካ የልጆች ፕሮግራም፣ የሰሳሚ ስትሪት፣ የመጀመሪያ ዓመታት በ2006 በዲቪዲ ሲወጡ እንኳ «ለአዋቂዎች ነው እንጂ ለዛሬ ሕፃናት ላይስማማ ይችላል» የሚል ማሳሰቢያ ነበራቸው። ለመብት ማጥሪያ የሚወጣው ገንዘብ ለአዲስ ሥራ ይዋል። እኔ ለልጆቼ የምፈልገው «ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን የመሰለ በአማርኛ የተሠራ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለ።

የኦሃዮ ልጅ፦
እህቴ፣ በፀሐይ እስማማለሁ፤ የኔም ልጆች ያደጉበት ነው። ግን አንዱ ሌላውን ለምን ይከለክላል? አባባ ተስፋዬ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች» ሲሉ እጃችንን አንሥተን የመለስን ስንት ነን? ዛሬ ያንን ለልጄ ላሳይ ብል የማገኘው ቁርጥራጭ ነው። ከጊዜ በኋላ «ምነው ባቆየነው» ማለት ዋጋ የለውም።

ለባለክራሩ ደግሞ፦ የመብቱ ነገር ፒንዊልን ሊያስረዳ ይችላል፤ ዲዝኒን ግን አያስረዳም። ዲዝኒ ቻናል ኤፕሪል 18 ቀን 1983 ሲከፈት «ዌልካም ቱ ፑ ኮርነር» የሚባል፣ ስለ ድቡ ዊኒ ዘ ፑ የተሠራ የራሱ ፕሮግራም ነበረው፤ ትንሽ ቆይቶ «ደምቦስ ሰርከስ» መጣ። አዘጋጁም፣ ጣቢያውም፣ የዛሬው ዲዝኒ ፕላስም አንድ ቤት ናቸው። ታዲያ ለምን የሉም? በተቃራኒው «ፍራግል ሮክ» የሚባለው የአሻንጉሊት ፕሮግራም በ1983 በኬብል ጣቢያው ኤችቢኦ ላይ የጀመረ ነው፤ የሠራው የሄንሰን ኩባንያ በእጁ ስላቆየው ከ2020 ጀምሮ አፕል ቲቪ ፕላስ (አሁን አፕል ቲቪ የሚባለው) ላይ ይታያል። ባለቤቱ ሲፈልግ ይቻላል ማለት ነው።

ባለክራሩ፦
ፑን ለምሳሌ ባታመጣው ይሻልህ ነበር። በፑ የንግድ መብት የተነሣ ዲዝኒ ከ1991 ጀምሮ ለዓመታት ፍርድ ቤት ተመላልሷል። ከውጭ ሲታይ አንድ ቤት የሚመስለው ውስጡ ሲገባ ስንት ባለድርሻ አለው።

የመዛግብት ባለሙያ፦
ሥራዬ እዚህ አሜሪካ ቤተ መዛግብት ውስጥ ስለሆነ ሁለታችሁም ያላነሣችሁትን ላንሣ። ለኔ ትልቁ ችግር ጊዜ ነው። በአሜሪካ ሕግ ኩባንያ ያሠራው ሥራ ከወጣ ጀምሮ ለ95 ዓመት ጥበቃ አለው። በ1979 የተላለፈ ፕሮግራም ለሕዝብ ነፃ የሚሆነው በ2075 መግቢያ ላይ ነው። ሕጉ ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት አንዲት በር ትቷል፦ ሥራው ገበያ ላይ ከሌለና በተመጣጣኝ ዋጋ ካልተገኘ፣ በመጨረሻዎቹ 20 ዓመታት ገልብጠው ለጥናትና ለጥበቃ ማቅረብ ይችላሉ። ለ1979 ፕሮግራም ይህች በር የምትከፈተው በ2055 ነው። የቪኤችኤስ ካሴት እስከዚያ አይጠብቅም። በተለይ ቦታ ለመቆጠብ በዝግታ ፍጥነት፣ ስድስት ሰዓት በአንድ ካሴት የተቀዳው ቶሎ ይጎዳል። እኛ ጋ ሲመጣ ከሥዕሉ ግርጌ የተቀደደ መስመር ይሮጣል፣ ድምፁ ይዋዥቃል፤ አንዳንዱ ሻጋታ ስለያዘ ሳይጸዳ ማጫወቻ ውስጥ ከገባ ማጫወቻውንም ያበላሻል።

«ኩባንያው ዋናው ቅጂ አለው» ብላችሁ እንዳትረጋጉ። ቢቢሲ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ ቴፕ ለመቆጠብ ብሎ ስንት ፕሮግራም በላዩ ላይ ቀድቶበታል። «ዶክተር ሁ» ከሚባለው የቢቢሲ ተከታታይ ድራማ ከጠፉት ክፍሎች የተወሰነው የተገኘው በግለሰቦች እጅና በውጭ አገር ጣቢያዎች በተረፈ ቅጂ ነው። እዚህም ማሪየን ስቶክስ የሚባሉ የፊላደልፊያ ሴት እስከ ዕለተ ሞታቸው፣ እስከ 2012 ድረስ፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቴሌቪዥን ሲቀዱ ኖረው ወደ 70 ሺህ የሚጠጋ ካሴት ትተዋል። ያንን የተረከበው ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው የዲጂታል መዝገብ ተቋም ነው። ሴትየዋን እንዲቀዱ ማንም አላዘዛቸውም።

ስትሪሚንግ ላይ መግባትም ዋስትና አይደለም። ኤችቢኦ ማክስ በኦገስት 2022 ወደ 200 የሚጠጉ የሰሳሚ ስትሪት ክፍሎችን አወረደ፤ አብዛኛው የድሮው ነው። በሜይ 2023 ዲዝኒ ፕላስ በደርዘን የሚቆጠሩ ሥራዎችን አነሣ፤ ከነዚህ ውስጥ ራሱ ለስትሪሚንግ ብሎ የሠራቸውም ነበሩ።

ከስቶክሆልም፦
አውሮፓ ይህን ችግር በከፊል መልክ አስይዞታል። በ2019 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የቅጂ መብት መመሪያ «ከገበያ የወጡ ሥራዎች» የሚል ክፍል አለው። ቤተ መጻሕፍት፣ ሙዚየም ወይም የፊልም መዝገብ በክምችቱ ያለውን፣ ገበያ ላይ የሌለውን ሥራ ያለ ትርፍ ኢንተርኔት ላይ ማቅረብ ይችላል። ቀድሞ ለስድስት ወር በይፋ ያስታውቃል፤ ባለመብቱ በማንኛውም ጊዜ «የኔን አውጡልኝ» ማለት ይችላል። ዝም ካለ ግን ሥራው ይታያል። አዘጋጁ መቀመጫው ከኅብረቱ ውጭ የሆነ ፊልምና የቴሌቪዥን ፕሮግራም ግን በአብዛኛው አይካተትም፤ ስለዚህ ፒንዊልን ከዚህ ማዳን አንችልም። አሜሪካ የራሷን ማውጣት አለባት።

ባለክራሩ፦
ይሄኛው ያነጋግረናል። ባለቤቱ ተጠይቆ፣ ጊዜ ተሰጥቶት፣ እምቢ የማለት መብቱ ተጠብቆ፣ የሚያሳየውም ለትርፍ የማይሠራ ተቋም ከሆነ እኔም አልቃወምም። የምቃወመው ማንም ተነሥቶ በራሱ ገጽ ላይ ጭኖ ማስታወቂያ ሲሰበስብበት ነው። ስድስት ወር ግን ያንሳል። በየጥጉ ያለ ሙዚቀኛ የአውሮፓን ማስታወቂያ አያነብም።

የኦሃዮ ልጅ፦
ዓመት ይሁን፣ ሁለት ዓመት ይሁን፤ በጊዜው አልከራከርህም። የምከራከርህ ሕጉ እስኪወጣ ባለው ጊዜ ላይ ነው። ዛሬ የሚጫነው ቪዲዮ ነገ ከወረደ፣ ያ ካሴት ብቸኛው ቅጂ ሊሆን ይችላልኮ።

የሦስት ልጆች እናት፦
የመዛግብት ባለሙያዋ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የባለቤቴ እናት ምድር ቤት ውስጥ አንድ ካርቶን ካሴት አለ። ልጆቻቸው ትንሽ ሆነው ከኬብል የተቀዳ ነው። ልንጥለው ነበር። ምን እናድርገው?

የመዛግብት ባለሙያ፦
አትጣሉት! ማጫወቻ ውስጥም አታስገቡት። ከምድር ቤት አውጥታችሁ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ፣ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ አስቀምጡት። ሽፋኑ ላይ በእጅ የተጻፈ ቀንና የጣቢያ ስም ካለ ፎቶ አንሡት፤ እናትየው የሚያስታውሱት ነገር ካለም አሁኑኑ ጻፉላቸው። ማስታወቂያ ገብቶበታል ብላችሁ አትናቁት፤ የተላለፈበትን ወር የምናውቀው ብዙ ጊዜ በማስታወቂያው ነው። ከዚያ በአቅራቢያችሁ ላለ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ክፍል ደውሉ፤ የፊልምና የቴሌቪዥን ክምችት ያላቸው አሉ። ተቋሙ ዲጂታል ቅጂ ለጥበቃ ሊያስቀምጥ ይችላል፤ ለሕዝብ ማሳየቱ ግን አሁንም ከላይ የተከራከራችሁበት ጉዳይ ነው።

የኦሃዮ ልጅ፦
እህቴ፣ ካርቶኑ ላይ ኒኬሎዲዮን የሚል ካገኘሽ፣ እባክሽ እዚሁ ጻፊልን።